ጋሽ አንለይ እንጨት አይለቁም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማታ ማታ ከልጄ ጋር ቴሌቪዥን አያለሁ። በቀደም ዕለት አንድ ፈረንጅ ብቻውን በበረዶ ላይ ሲጓዝ የሚያሳይ ፊልም ከፈተች። ሰውየው የምድር ጫፍ ድረስ ሊሄድ ነው ተባለ። ስንቁን የሚንሸራተት ሳጥን ላይ ጭኖ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ይጎትታል። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ሰው የለ። ልጄ ጋቢዋን ወደ አንገቷ እየሳበች፣ "አባዬ፣ ይኼ ሰው ምን አጥቶ ነው?" አለችኝ።

እኔ የማየው አረማመዱን ነበር። ላብ እንዳይዘው እያለ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ካልሲውን ሲቀይር፣ እርጥቡን ካልሲ በገላው ሙቀት እንዲደርቅ ሆዱ ላይ አድርጎ ሸሚዙን ለበሰበት። ልጄ ሳቀች። እኔ ተነስቼ ደጅ ወጣሁ። በሕይወቴ እንዲያ ሲያደርግ ያየሁት ሌላ ሰው ጋሽ አንለይ ብቻ ናቸው።

እኔ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበርኩ። ሞባይል ሳይመጣ በፊት ከደብረ ማርቆስ ወደ ጉንደ ወይን የሚሄድ የስልክ ሽቦ ነበረን፤ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ የጮቄን ተራራ አቋርጦ የሚያልፍ። ነፋስ ይበጥሰዋል፣ መብረቅ ይመታዋል፣ በረዶ ከነእንጨቱ ይጥለዋል። አንዳንዴም ሰው ለሞፈሩ ማሰሪያ ይቆርጠዋል። ያን ጊዜ አንድ ሰው መሣሪያውን ተሸክሞ በእግሩ ይወጣና የተበጠሰውን ፈልጎ ይቀጥላል። ያ ሰው ለብዙ ዘመን ጋሽ አንለይ ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ እኔ ሆንኩ።

የተቀጠርኩት በደርግ ጊዜ ማብቂያ አካባቢ ነው። ኃላፊያችን ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር፤ ጮቄን ግን ከቢሮው መስኮት በቀር አያውቀውም። "ብርድ ትችላለህ?" ብሎ ጠየቀኝ። የተወለድኩት ደጋ ነውና፣ "እችላለሁ" አልኩ። ጥግ ላይ ቆመው የነበሩት አጭር፣ ቀጭን፣ የሱፍ ቆብ ያጠለቁ ሰው፣ "ብርድ የሚችል ሰው የለም" አሉ። ከጋሽ አንለይ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ይኼ ነው።

በመጀመሪያው ጉዟችን ጉልበቴን ላሳያቸው ብዬ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። የገብሱን ማሳ አልፈን የጓሳው ሣር ወዳለበት ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ቀስ ብለው ደረሱብኝና፣ "አውልቅ" አሉኝ።

"እዚህ?"

"እዚሁ። አሁን ሙቀት ነው፤ ስንቆም ደግሞ ውርጭ ይሆንብሃል። ብርዱን ትተህ ላብህን ፍራ።"

ከከረጢታቸው ደረቅ ሸሚዝ አውጥተው ሰጡኝ። ለእኔ ብለው ይዘውት መምጣታቸው የገባኝ በኋላ ነው።

ልማዳቸው ብዙ ነበር። ሳይርባቸው ይበላሉ፤ በማር የታሸ በሶ በጨርቅ ቋጥረው ኪሳቸው ውስጥ ያስቀምጡና እየሄዱ ይቆነጥራሉ። እንጨት ላይ ከመውጣታቸው በፊት ግርጌውን በመዶሻ መታ መታ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ውስጡ የበሰበሰ እንጨት ድምፁ ይታፈናል። ቀጥሎ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ሽቦው ደህና ሲሆን እንጨቱ ውስጥ ቀጭን ዜማ ይሰማል፤ በአንድ በኩል ተበጥሶ ከሆነ ዜማው ይወፍርና ይንቀጠቀጣል። እኔ ያን ለመለየት ክረምት ከበጋ ፈጅቶብኛል። ከዚያ ጥርስ ያለውን መውጫ ብረት ጫማቸው ላይ ያስራሉ፣ ቀበቶውን በእንጨቱ ዙሪያ ያጠልቃሉ፣ ይወጣሉ። ወርደው ሲጨርሱ መሣሪያቸውን እየነኩ በስሙ ይጠሩታል፤ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ ቀበቶ፣ ብረት። አንድም ነገር ጥለው ሲሄዱ አላየሁም።

በደረስንበት ሁሉ የያዝነውን ስልክ ሽቦው ላይ ሰክተው ደብረ ማርቆስ ይደውላሉ። የሚሉት አንድ ነው፤ "አንለይ ነኝ፤ ደህና ነኝ፤ ሽቦውም ደህና ነው።"

ከሁሉም በላይ ያስተማሩኝ ግን የጉሙን ነገር ነው። ጮቄ ላይ ጉም ሲወርድ የዘረጋኸው እጅህ አይታይህም። "የሚቀጥለውን እንጨት ሳታይ የቆምክበትን እንዳትለቅ" ይሉኝ ነበር። "እንጨቱን ይዘህ ተቀመጥ፣ ጀርባህን ለነፋሱ ስጥ፣ እግርህን ከረጢት ውስጥ ክተት። ጉም መሄዱ አይቀርም። አንተ ከሄድክ ግን አትመለስም።" አንድ ቀን እንዲህ እንደተቀመጥን መሸብን፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳይናገሩ ክርኔን በክርናቸው እየጎሸሙ እንቅልፍ ነሱኝ። ጠዋት ጉሙ ሲገልጥ ከእግራችን ፊት ገደል ነበር።

ጡረታቸው ሲደርስ በርኖስ ሸለምናቸው። ኃላፊው ንግግር አደረገ፣ ተጨበጨበ። በማግሥቱ ጠዋት የስልክ ማዞሪያው ክፍል ብገባ፣ ጋሽ አንለይ ከኦፕሬተሯ ከሰዓዳ መስኮት ፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። በማግሥቱም እዚያው ናቸው። ከዚያም በኋላ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ይቀመጡ ነበር። "ጋሽ አንለይ፣ ቤት አይዋልም እንዴ?" ስላቸው፣ "የዝና ቤት ልትጠርግ ነው፤ እግሯ ሥር እንቅፋት አልሁንባት ብዬ ነው" ይሉኛል። እትዬ የዝና ባለቤታቸው ናቸው።

ምትክ አልተቀጠረም። ለተራራው የሚታሰብልን አበልም እየዘገየ የሚመጣ ትንሽ ነገር ነበር፤ ማንም አይጓጓለትም። ብቻዬን መውጣት ጀመርኩ። ሰዓዳን በአካል የማውቃት ትንሽ ነው፤ ድምፅዋን ግን ከእናቴ ድምፅ ይልቅ ለምጄዋለሁ። ወላጆቿ ይጁቤ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ እሷ ግን ሱቅ አልወድም ብላ ማዞሪያ ገባች። እዚያ ከፍታ ላይ ቆሜ ስደውል፣ "ልየው፣ ሰላም ነህ? በላህ?" ትለኛለች። ይቺን ለመስማት ብዬ ሳያስፈልግ የደወልኩበት ጊዜ አለ።

አንድ ቀን ስደውል ድምፅዋ ተቀይሯል።

"ልየው፣ ከመስመሩ በታች በጉንደ ወይን በኩል እማማ ጠጄ የሚባሉ ሴት ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ። አንዳንዴ እዚያ ነው የማድረው።"

"ልጃቸው ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ ነበር አሉ። ወባ ገደለው። የሚነግራቸው ሰው ጠፍቶ ነው።"

መርዶ በሽቦ ተልኮብኝ ወረድኩ። መጀመሪያ ጎረቤታቸውን አቶ ስማቸውን አገኘኋቸው፤ የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው። ስነግራቸው መሬት መሬት አዩና፣ "አንተ እንዳትናገር። ዘመዶቹን ሰብስበን ጎህ ሲቀድ እናረዳቸዋለን። ካልገባህ ይጠረጥራሉ፤ እንደ ወትሮህ እደር" አሉኝ።

እንደ ወትሮዬ ገባሁ። እማማ ጠጄ እግሬን አጠቡኝ፣ የገብስ ቂጣና ድንች አቀረቡልኝ። እኔ ስበላ እሳቸው እያዩኝ፣ "ይኼ ሽቦህ ቆላ ድረስ ይዘልቃል?" አሉ።

"ይዘልቃል እማማ።"

"እንግዲያስ አንድ ቀን ልጄን አናግርልኝ። ድምፁን ብቻ ብሰማ ይበቃኛል።"

"እሺ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ መጡ፤ የእማማን ጩኸት የሰማሁት መደባቸው ላይ ተኝቼ ነው። ከወራት በኋላ ሳገኛቸው፣ "አውቀህ ኖሯል እራቴን የበላኸው" አሉኝ። ይቀየሙኛል ብዬ አቀርቅሬ ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ "ልጄ" እያሉ ይጠሩኝ ጀመር።

ይህን ሁሉ ለጋሽ አንለይ አግዳሚያቸው ላይ አጫውቻቸው ነበር። ቤቱ የት እንደሆነ፣ በየትኛው ሸለቆ እንደሚወረድ ሳይቀር ጠየቁኝ። እሳቸው በነበሩበት ጊዜ ያ ቤት አልነበረም።

አሁን ወደማልወደው ደረስኩ።

ነሐሴ ነበር። የጉንደ ወይን መስመር ጠፋ። እንደ ወትሮዬ ወጣሁ፤ እየደወልኩ ሄድኩ፤ የመጨረሻውን ዳገት ሳልጨርስ ሰዓዳን አነጋገርኳት። ጫፉን እንዳለፍኩ በረዶው ወረደ። የጮቄን በረዶ ያላየ ሰው አይገባውም፤ መሬቱ በአንድ አፍታ ነጭ ሆነ፣ ጓሳው ተቀበረ፣ ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ሰፊ ቅጠል እንደ ጨርቅ ተቀደደ። እንጨት ይዤ ተቀመጥኩ። ስልኩን ሰክቼ ብጣራ መልስ የለም። ከኋላዬ ሌላ እንጨት ወድቆ ኖሯል፤ ከሁለቱም በኩል ተቆርጬ ቀረሁ።

በማግሥቱ ጉሙ ትንሽ ሲገልጥልኝ የእማማ ጠጄን ሸለቆ አየሁት። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልወልቅ ብሎኝ ነበር፤ ቀኑ ብሩህ ሳለ ተንፏቅቄም ቢሆን ወረድኩ። እማማ ጠጄ እሳት ዳር አስቀመጡኝ፣ እግሬን በቅቤ አሹ፣ "እስኪሻልህ ወዴትም አትንቀሳቀስም" አሉ። ጉሙ እንደገና ወረደ። ለቀናት እዚያው ሰነበትኩ።

ሲሻለኝና ጉሙ ሲገልጥ ወደ መስመሩ ወጣሁ። የወደቀውን እንጨት አገኘሁት፣ ሽቦውን ከደህናው ጋር ቀጠልኩ፣ ስልኬን ሰካሁ።

"ልየው! ልየው ነህ?" ሰዓዳ ጮኸች።

"ነኝ። ደህና ነኝ። እግሬን ትንሽ…"

"ጋሽ አንለይስ? አብረውህ ናቸው?"

"የት?"

እያለቀሰች ነገረችኝ። ድምፄ ሲጠፋ በየጠዋቱ፣ "ልየው ደወለ?" እያሉ ይጠይቋት ነበር። ትናንት ጠዋት "አልደወለም" ስትላቸው ተነስተው ወጡ። ቤታቸው ሄደው በርኖሳቸውን ለብሰው፣ ቀበቶና መውጫ ብረታቸውን ይዘው ወደ ጮቄ ሲሄዱ ሰው አይቷቸዋል።

እኔ እያወራሁ ሳለ ጉሙ መልሶ ወረደ።

ወደ ሸለቆው ወርጄ ሰው ጠራሁ። አቶ ስማቸው ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጡ። "የጠፋ ሰው ቁልቁለት ነው የሚከተል" አሉ። "ሸለቆ ሸለቆውን እንይ።"

"አይሆንም" አልኩ። "ጋሽ አንለይ እንጨት አይለቁም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንጨት ሥር ነው የተቀመጡት።"

መስመሩን የማውቅ እኔ ነኝና አመኑኝ። ተያይዘን ከእንጨት እንጨት እየተጣራን ሄድን። ከአንዱ ግርጌ ወደ ሌላው ስንደርስ አሁን አገኛቸዋለሁ እላለሁ፤ በርኖሱን ጀርባቸው ላይ ጥለው፣ እግራቸውን ከረጢት ውስጥ ከተው ይታዩኛል። ባዶ ነው። "ቀጣዩ ነው" እላለሁ። ቀጣዩም ባዶ ነው። አንዱ ገበሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ኧረ ሸለቆውን እንይ" ሲል ሰምቼ ተቆጣሁት። መሽቶ ተመለስን።

በማግሥቱ ጠዋት ውኃ ልትቀዳ የወረደች ሴት አገኘቻቸው። ከእማማ ጠጄ ቤት በላይ፣ ከጅብራዎቹ መሀል ነበሩ፤ ቤቱንና እሳቸውን የሚለያቸው አንድ የገብስ ማሳ ነው። ጓሳ አጭደው አንጥፈዋል፣ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ተቀምጠዋል። እርጥብ ካልሲያቸው ሆዳቸው ላይ ነበር። አንድ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ ዞሯል፤ በዚያ እግር የሚሄዱበት መንገድ አልነበረም።

አቶ ስማቸው የተነጠፈውን ጓሳ በእጃቸው ዳሰሱ። ከሥሩ ያለው በረዶ በገላቸው ሙቀት ቀልጦ ነበር። "ትናንት ቀን በሕይወት ነበሩ" አሉ። ተናግረው ሳይጨርሱ ቀና ብለው አዩኝና፣ ቃሉን ቢውጡት የወደዱ መሰሉ።

ጋሽ አንለይ መስመሩን የለቀቁት ጠፍቶባቸው አልነበረም። ልየው ተጎድቶ ከሆነ የሚሄደው ወደዚያች ሴት ቤት ነው ብለው አስበው ወረዱ። ትክክል ነበሩ። እሳቸው ያሰቡት እኔን ነበር፤ እኔ ያሰብኩት ያስተማሩኝን ብቻ ነው። እንደ ገበሬዎቹ ሸለቆውን አይቼ ቢሆን ኖሮ ቀን በብርሃን፣ በሕይወት ሳሉ ባገኘኋቸው።

በቃሬዛ አወረድናቸው። ኃላፊው፣ "ያንተ ጥፋት አይደለም" አለኝ። ጡረተኛ ስለነበሩ መሥሪያ ቤቱ ስለ አሟሟታቸው የጻፈው ነገር የለም። ከቀብር መልስ እትዬ የዝና ፊት ቆምኩ። ቀና ብለው ወደ እግሬ አዩ።

"እግርህ ዳነ?" አሉ።

"ዳነ።"

ከዚያ በኋላም በዓል ጠብቄ እሄድ ነበር፤ ምግብ ያቀርቡልኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፣ የጋሽ አንለይን ስም ግን አናነሳም።

ሰዓዳ ብዙ አልቆየችም። "መስኮቱ ፊት አግዳሚውን ማየት አልቻልኩም" ብላ ሥራዋን ለቀቀች፤ ይጁቤ ገብታ እንቢ ባለችው ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየለካች ትሸጣለች አሉ። እኔ መውጣቴን አላቆምኩም። በምትኳ የመጣው ልጅ፣ "የመስመር ሠራተኛ፣ ቀጥል" ይለኛል እንጂ ስሜን አይጠራም። እኔም "ሽቦው ደህና ነው" እላለሁ፤ ስለ ራሴ የምለው አልነበረም። ጉም ሲወርድ እንጨት ይዤ እቀመጣለሁ፤ ተቀምጬ ግን ሸለቆ ሸለቆውን አያለሁ።

ከዚያ ሞባይል መጣ። የብረት ማማ ቆመ፣ ሽቦው ይነሳ ተባለ። እኔና ከከተማ የመጡ ጎልማሶች በበጋ ወጥተን አነሳነው። እነሱ እየዘፈኑ ይጠቀልላሉ፤ እኔ እወጣለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ሲኒ የምንላቸው ነጫጭ የሽቦ ማረፊያዎች እየተወረወሩ ድንጋይ ላይ ተሰበሩ። እንጨቱን የአካባቢው ሰው ለአጥር ወሰደው። የመጨረሻውን ሽቦ ስቆርጥ ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጥፌ ነበር፤ ዜማው አንዴ ተንቀጥቅጦ ቀረ። ቀሪውን ዘመኔን ደብረ ማርቆስ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ማንም የማይጠይቀውን ዕቃ እየጠበቅኩ ጨረስኩ። ዘንድሮ እኔንም ሸልመው አሰናበቱኝ።

ያን ፊልም ባየሁ በማግሥቱ ባጃጅ ይዤ እትዬ የዝና ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ጡረታ መውጣቴን ነገርኳቸው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የጋሽ አንለይን ስም ያነሱት እሳቸው ሆኑ።

"አንለይ የወጣ ዕለት ፊቱ እንዴት እንደነበር ታውቃለህ?"

"ተጨንቀው ይሆናል እትዬ።"

"ደስ ብሎት ነበር።"

ወደ እሳቸው ጠጋ አልኩ።

"ቀበቶውን ከሳጥን ሲያወጣ ያፏጫል። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም ነበር። 'ልየው ልጅ አይደለም፣ መቀመጥ ያውቃል፤ ሰው ይላክ' አልኩት። 'አውቃለሁ' አለኝ። 'ታዲያ አንተ ምን አስኬደህ?' አልኩት። ጉንጬን ስሞኝ እንደ ጎረምሳ እየተጣደፈ ወጣ። በበሩ ሳየው ወደ ኋላ አልዞረም።"

"እትዬ የዝና፣ ይህን ለምን ያን ጊዜ አልነገሩኝም? ይህን ሁሉ ዘመን…"

"አውቃለሁ" አሉ። "ሲከብድህ አይቻለሁ። ግን ምን ብዬ ልንገርህ? ባሌ እኔን ትቶ ወደዚያ ብርድ ሲሄድ ደስ ብሎት ነበር ልበል? ልየውን ፍለጋ ሄዶ ሞተ ሲባል ይሻለኝ ነበር።"

ደጅ ባጃጆች ይመላለሳሉ። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩና፣ "አንተስ፣ ቤት መዋሉን ቻልከው?" አሉኝ።

"እየቻልኩት ነው" አልኩ።

ያመኑኝ አይመስለኝም፤ እስኪመሽ ድረስ ተነስቼ እንድሄድ አልፈቀዱልኝም።